አበበ ቢቂላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ (ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. – ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የማራቶን ሯጭና የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ አስገኘ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን በመድገም የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ስለተሳነው የቀረውን አራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ዕድሜውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አሳለፈ። በእነዚህ ዓመታትም በእንግሊዝና በኖርዌይ በተደረጉ የአካል ጉዳተኞች ውድድሮች ተካፍሏል።

የአበበ ስም በአብዛኛው የሚነሣው ከሮምና ከቶኪዮ ድሎቹ ጋር ነው። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ታሪኩ ግን የአካል ጉዳተኞች ሕክምና፣ ስፖርትና የሥራ መብት በዓለምም ሆነ በኢትዮጵያ መልክ መያዝ ከጀመረበት ዘመን ጋር የተያያዘ ነው።

ልጅነትና የክብር ዘበኛ አገልግሎት

አበበ የተወለደው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዲዳ አቅራቢያ በምትገኘው ጃቶ በተባለች መንደር ነው። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። የተወለደበት ቀን የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ማራቶን ከተሮጠበት ቀን ጋር አንድ ነው። ሕፃን ሳለ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገሪቱን በመውረሩ ቤተሰቡ መኖሪያውን ትቶ ለመሰደድ ተገደደ። አበበም እንደ አካባቢው ልጆች ከብት እየጠበቀና ገና እየተጫወተ አደገ።

በ1940ዎቹ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ጦር ውስጥ በወታደርነት ተቀጠረ። የክብር ዘበኛ በዚያ ዘመን ለወታደሮቹ የስፖርት ሥልጠና ይሰጥ ነበር። ከገጠር ለመጣ ወጣትም ቋሚ ደመወዝ የሚያገኝበት ሥራ ነበር። የአበበን ችሎታ ያዩትና ያሠለጠኑት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ናቸው። ኒስካነን ሯጮቹ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ረጅም ርቀት እንዲሮጡ፣ በባዶ እግርና በጫማ እየቀያየሩ እንዲለማመዱ ያደርጉ ነበር። በመጋቢት 1952 ዓ.ም. አበበ ከወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ተጋባ። አራት ልጆችም ወልደዋል።

የሮም ማራቶን

የሮም ኦሊምፒክ ማራቶን የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960) ነው። ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ውድድሩ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን ተጠናቀቀ። አበበ ለውድድሩ የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው በለመደው መንገድ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ።

ከውድድሩ አጋማሽ በኋላ ፉክክሩ በአበበና በሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም መካከል ሆነ። ወደ ፍጻሜው ሲቃረቡ ሯጮቹ ኢጣልያ በወረራው ዘመን ከኢትዮጵያ በወሰደችው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አለፉ። አበበ ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው ከዚያ ቦታ ጀምሮ ነው። የቆስጠንጢኖስ ቅስት ዘንድ ሲደርስ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ነበር። ይህም በሶቪየት ኅብረቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ተይዞ ከነበረው የዓለም ፈጣን ሰዓት በ0.8 ሴኮንድ የተሻለ ነው። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ።

በዚያው ከተማ ከስምንት ቀን በኋላ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች ተሰበሰቡ። ውድድሩ ኋላ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ተቆጥሯል። የውድድሩ መሥራች ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ሲሆኑ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አበበ የታከመው እርሳቸው ባቋቋሙት ማዕከል ነበር።

ከሮም እስከ ቶኪዮ

አበበ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ በታላቅ አቀባበል ተቀበሉት። የአስር አለቃነት ማዕረግና የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ተሰጠው። ይሁን እንጂ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ከጦር ክፍሉ ባልደረቦች ጋር እርሱም ታሰረ። በሙከራው አልተሳተፈምና ብዙ ሳይቆይ ተለቀቀ።

በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ በአቴና፣ በኦሳካና በቼኮዝሎቫኪያዋ ኮሺሴ የተደረጉ ማራቶኖችን አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን አምስተኛ ወጣ።

ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ዝግጅት ላይ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከስድስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በውድድሩ ተሰለፈ። በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ነበር። ውድድሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ በመጨረስ አዲስ የዓለም ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊን የቀደመው ከአራት ደቂቃ በላይ ነው። ውድድሩን እንደጨረሰ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን የሚያፍታታ እንቅስቃሴ ሲሠራ ተመልካቹ በአድናቆት ተመለከተው።

ከዚህ ድል በኋላ የመቶ አለቃነት ማዕረግ አገኘ። ከንጉሠ ነገሥቱ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን፣ መኖሪያ ቤትና ነጭ ቮልስዋገን መኪና ተሸለመ። ኋላም ሻምበል ሆኗል።

በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ። እግሩ ግን ተጎድቶ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። ውድድሩን የአገሩ ልጅና የክብር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ አሸነፈ።

የመኪና አደጋው

ከሜክሲኮ ከተመለሰ ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ አበበ በሽልማት ያገኛትን ቮልስዋገን እየነዳ ሳለ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ በሸኖ አቅራቢያ መኪናዋ ተገለበጠች። አደጋው የደረሰው ከፊት ለፊቱ በፍጥነት ከመጣ ተሽከርካሪ ለመራቅ ሲሞክር እንደሆነ ይነገራል። በመኪናዋ ውስጥ እንደተያዘ አድሮ የተገኘው በማግሥቱ ጠዋት ነው።

አንገቱ አካባቢ ሕብለ ሰረሰሩ ስለተጎዳ በመጀመሪያ እጆቹም እግሮቹም አልታዘዝ አሉት። ከሳምንት በኋላ ለሕክምና ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ። በዚያም ስምንት ወር ገደማ ቆየ። ቀስ በቀስ እጆቹን ማንቀሳቀስ ቻለ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በሕክምና ላይ ሳለ ከጎበኙት መካከል ዐፄ ኃይለ ሥላሴና የእንግሊዟ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ይገኙበታል።

ስቶክ ማንዴቪል

አበበ የገባበት ማዕከል የተቋቋመው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። መሥራቹ ሉድቪግ ጉትማን ከናዚ ጀርመን የተሰደዱ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው ከጉዳቱ ራሱ ይልቅ በመኝታ ቁስልና በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። በሽተኛውም እንደማይድን ተቆጥሮ ይተኛ ነበር። ጉትማን በሽተኞቹ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ በማድረግና ኢንፌክሽንን በመከላከል ሞቱን ቀነሱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ የተረፈው ሰው በምን ይኖራል የሚለው ነበር። የማዕከሉ መልስ ሁለት ነበር። የመጀመሪያው ሥራ ነው። በሽተኞች ገና ከሆስፒታል ሳይወጡ እንደ እንጨት ሥራና ሰዓት ጥገና ያሉ ተቀምጠው ሊሠሯቸው የሚችሉ ሙያዎችን ይለማመዱ ነበር። ሁለተኛው ስፖርት ነው። ቀስት መወርወር ከወገብ በላይ ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል፣ ሚዛን መጠበቅን ያስተምራል። በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰውም በእግሩ ከቆመ ሰው ጋር እኩል ሊወዳደርበት የሚችል ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን በሆስፒታሉ ግቢ 16 የቀድሞ ወታደሮች በቀስት ተወዳደሩ። የስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው።

የዚህ አሠራር ውጤት ከእንግሊዝ ውጭም ታይቷል። አበበ ቶኪዮ ላይ ካሸነፈ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በዚያው ከተማ ፓራሊምፒክ ተካሄደ። አብዛኞቹ የጃፓን ተወዳዳሪዎች ከሆስፒታልና ከእንክብካቤ ተቋማት የመጡ ሲሆኑ፣ ከውጭ አገር የመጡት ብዙዎቹ ግን ሥራና ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። በስቶክ ማንዴቪል የተማሩት ጃፓናዊው ሐኪም ናካሙራ ዩታካ ይህን ልዩነት አይተው በሚቀጥለው ዓመት በቤፑ ከተማ ታይዮ ኖ ኢዬ፣ ማለትም የፀሐይ ቤት፣ የተባለ ለአካል ጉዳተኞች ሥራ የሚሰጥ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ኋላ እንደ ኦምሮን፣ ሶኒና ሆንዳ ካሉ ኩባንያዎች ጋር በመተባበር አካል ጉዳተኞች በደመወዝ የሚሠሩባቸውን ፋብሪካዎች ከፍቷል።

በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተደረጉ ውድድሮች

አበበ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ቀስት መወርወር ተለማመደ። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ በተካሄደው የስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። የሯጭ ኃይል ያለው በእግሩ ነው። በእነዚህ ስፖርቶች ግን ሁሉ ነገር በእጅና በትከሻ የሚሠራ ስለሆነ አበበ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከመጀመሪያው መማር ነበረበት። እጆቹም ራሳቸው ከጉዳት ያገገሙ ነበሩ።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. በኖርዌይ ወደተዘጋጀ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በክብር እንግድነት ተጋበዘ። እርሱ ግን ተመልካች ሆኖ መቀመጥን አልመረጠም። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፣ በበረዶ ላይ በተደረገው የሸርተቴ ውድድርም 16 ተወዳዳሪዎች ከተሰለፉበት መካከል አንደኛ ወጣ። በረዶ በማያውቅ አገር ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ የመጨረሻው ትልቅ ድሉ ሆነ።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተገኝቶ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። የሙኒክ ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን፣ ልክ የሮም ድል በአሥራ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። አሸናፊው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨብጧል። ማሞ ወልዴ በዚህ ውድድር ሦስተኛ ወጥቷል።

የአካል ጉዳተኞች ኑሮ በአበበ ዘመን

አበበ ከአደጋው በኋላ ያገኘው ሕክምና በዘመኑ ለነበረው ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የማይታሰብ ነበር። ውጭ አገር የላከው መንግሥት ነው። መኖሪያ ቤት፣ ማዕረግና ዓለም የሚያውቀው ስምም ነበረው። ከዛፍ ወድቆ ወይም በመኪና ተገጭቶ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ገበሬ ወይም የቀን ሠራተኛ ግን የሚደገፈው በቤተሰቡ ብቻ ነበር። ቤተሰብ ከሌለው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍና በመስጊድ በር ምጽዋት ይጠብቃል።

ይህ ማለት አካል ጉዳተኞች በሙሉ ከሥራ ውጭ ነበሩ ማለት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ማየት የተሳናቸው ሰዎች ዜማና ቅኔ በቃላቸው አጥንተው መምህር እስከ መሆን ደርሰዋል። ትምህርቱ በአብዛኛው በቃል የሚሰጥ በመሆኑ የዓይን ብርሃን ማጣት ከዕውቀት አያግድም ነበር። እግሩ የተጎዳ ሰውም ተቀምጦ በሚሠራ የእጅ ሙያ ይተዳደር ነበር። በአስፋልት፣ በፎቅና በቢሮ ላይ የተመሠረተው አዲሱ የከተማ ኑሮ ግን ደረጃ መውጣትን፣ አውቶቡስ መሳፈርንና ማንበብን የሚጠይቅ ስለነበር ለእነዚህ ሰዎች አዲስ እንቅፋት ፈጠረ።

መንግሥት ጉዳዩን በሕግ መያዝ የጀመረው አበበ በሕይወት ሳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በትእዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞች መቋቋሚያ ድርጅት ተመሠረተ። ተሐድሶና ሥልጠና መስጠት የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑ በሕግ መታወቁ አዲስ ነገር ነበር። ቢሆንም የዘመኑ አስተሳሰብ አካል ጉዳተኛን በዋናነት የሚያየው ርዳታ እንደሚያስፈልገው ሰው እንጂ የመቀጠር መብት እንዳለው ሠራተኛ አልነበረም።

ሞትና ቀብር

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ በአዲስ አበባ አረፈ። ለሞቱ ምክንያት የሆነው ከቀድሞው አደጋ ጋር የተያያዘ በአንጎል ውስጥ የደረሰ የደም መፍሰስ ነው። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በተገኙበት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። ብሔራዊ የኀዘን ቀንም ታወጀ። ከዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፣ አበበ ያገለገለበት ዘመንም አበቃ።

ውርስ

በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ ስታዲየም አለ። የሕይወት ታሪኩን ልጁ ጽጌ አበበ ጽፋዋለች። ሮም ላይ ያለፈበት የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግም ቆሟል። የሮም ድል 50ኛ ዓመት በታሰበበት እ.ኤ.አ. የ2010 የሮም ማራቶን ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች የሮጠው ለአበበ መታሰቢያ ጫማውን አውልቆ ነው።

በአካል ጉዳተኞች ስፖርትም ኢትዮጵያውያን ተከታዮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ፓራሊምፒክ ወንድዬ ፍቅሬ በ1,500 ሜትር የብር ሜዳሊያ አገኘ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ፣ አበበ ሁለተኛ ወርቁን ባጠለቀባት በቶኪዮ፣ የማየት ችግር ያለባት ትዕግሥት ገዛኸኝ በ1,500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ አስገኘች።

በሥራና በኑሮ ረገድም ሕጉ ከአበበ ዘመን ወዲህ ተለውጧል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ይደነግጋል። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ መብት መጀመሪያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 101/1986 ነው። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በቅጥር፣ በዕድገትና በሥልጠና በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። አሠሪው ለሠራተኛው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሰው ፍሬ ነገሩን ካስረዳ፣ አድልዎ አለመኖሩን የማስረዳቱ ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ ሆነው እንዲሠሩ አዝዟል። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች።

በእነዚህ ሕጎች መሠረት ከአደጋ በኋላ መሥራትና መተዳደር ለዝነኛ ሰው ብቻ የሚሰጥ ችሮታ መሆኑ ቀርቶ የማንኛውም ዜጋ መብት ሆኗል። አፈጻጸሙ ግን የሕጉን ያህል አልሄደም። ዛሬም በብዙ ከተሞች ወደ ቢሮና ወደ ትምህርት ቤት የሚያስገባው መንገድ ደረጃ ብቻ ነው፤ ተሽከርካሪ ወንበር ያለው ሰውም ከሥራው በፊት መንገዱን መታገል አለበት።